መቶ አርባ እንስራ

ከራሴ በላይ ያለው ደወል እንደገና ሲንጫረር ባቡሩ ገና ኩርባውን ጨርሶ ዳገቱን መያዙ ነበር። ገመዱን የሚስቡት ክቡርነታቸው ናቸው። አዲሱ አገረ ገዥ ከተሾሙ ገና አሥር ቀናቸው ነው፤ ከታችኛው ከተማ ተነስተው ላይኛው ከተማ ወዳለው መንበራቸው በእኔ ባቡር እየሄዱ ነው። የሳቸው ፉርጎ ከሁሉም ኋላ ተቀጥሏል፤ ከጀርባው የነሐስ መደገፊያ ያለው ሰገነት አለው። ከዚያ ሰገነት ተነስቶ በፉርጎዎቹ ጣሪያ ላይ እስከ እኔ ድረስ የተዘረጋ ገመድ አለ፤ ጫፉ ላይ ደወል ታስሮበታል። ለአደጋ ጊዜ የተሠራ ነገር ነው። እርሳቸው ግን ሰው ሰብሰብ ብሎ ባዩ ቁጥር ይስቡታል።

"ደግሞ ምን ታያቸው?" አለ አባ ከሰል አካፋውን አቁሞ። አባ ከሰል እሳት አንዳጄ ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ እሱም እንደኔ ከጠዋት ጀምሮ አንጀቱ አርሯል።

"ሰው ነዋ የታያቸው" አልኩና ፍሬኑን ያዝኩ።

ዳገት ላይ የቆመ ባቡር ማስነሳት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ማቆም ማለት አሥራ አምስት እንስራ ውኃ ማለት ነው። በእንስራ የምቆጥረው ለምዶብኝ ነው፤ መስመሩ ሲዘረጋ ቧንቧ ስላልነበረ ውኃ የሚሞሉልን እንስራ ያዘሉ ሴቶች ነበሩ፤ የያኔው ቁጥር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የባቡሩ የውኃ ጋን ሲሞላ ሦስት መቶ እንስራ ይይዛል። ከታች ተነስቶ መካከለኛው ጣቢያ ይደርሳል፤ እዚያ እንደገና ይሞላል፤ ከዚያ ላይኛው ከተማ። ከዚህ ሒሳብ ውስጥ ለንግግር የተተወ ውኃ የለም።

ክቡርነታቸው ሰገነቱ ላይ ወጥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ከዛሬ ጀምሮ" አሉ፣ "ይህ ባቡር በዚህች መንደር ይቆማል።" ሰው አጨበጨበ። ከዚህ በፊት በነበረችውም መንደር ይህንኑ ብለዋል። በመስመሩ ላይ አርባ መንደር አለ፤ በአርባው ሁሉ የሚቆም ባቡር ደግሞ ባቡር መሆኑ ይቀርና አጥር ይሆናል። ይህን የሚነግራቸው ሰው ከአጠገባቸው ጠፋ። ጸሐፊያቸው ቀጭን ሰው ነው፤ የሚሉትን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፋል፤ መጻፉ እንደ መሥራት ይቆጠርለታል መሰለኝ።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ውኃው ብቻ አልነበረም። ከሞተሩ ቀጥሎ ሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ፣ እንጨት አግዳሚ ላይ፣ ታናሽ ወንድሜ ተጋድሟል። ድንጋይ ፈላጭ ነው። ከትናንት በስቲያ ግራ እግሩ ላይ ድንጋይ ወረደበት፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ጠቁሮ አብጧል፣ መሽተትም ጀምሯል። በላይኛው ከተማ እንዲህ ያለውን የሚቆርጥ አንድ ሐኪም አለ። እሱም የሚቆርጠው በመስኮት ብርሃን ብቻ ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ቢላዋውን ያስቀምጣል፤ ንጉሥ ቢመጣበት አያነሳውም፤ በፋኖስ ደም ሥር አይለይም ይላል። ለነገ ካደረ ደግሞ እግር ብቻ አይደለም የሚቆረጠው፤ ይህን የነገረን የድንጋይ ማውጫው ወጌሻ ነው፤ ሲነግረንም ፊቱን አዙሮ ነበር።

ንግግሩ እስኪያልቅ ወርጄ አየሁት።

"ጋሼ፣ ምን ቆመን ነው?"

"ክቡርነታቸው ባቡር እየሰጡ ነው።"

"ለማን?"

"ላዩት ሁሉ።"

ሳቀና ሳቁ እግሩ ድረስ ደርሶ አሳመመው። ግንባሩ በላብ ርሷል። "እኔ እንኳ ድንጋይ ከማንሳቴ በፊት ክብደቱን አያለሁ" አለ።

"አየን እኮ እንዴት እንዳየኸው" አልኩት። የማያስቅ ነገር ስንናገር ነው ያደግነው፤ ሌላ መጽናኛ አላውቅበትም።

መካከለኛው ጣቢያ አምስት ሰዓት መድረስ ሲገባን ስድስት ሰዓት ከሩብ ደረስን። አባ ከሰል ዘንጉን የውኃ ጋኑ ውስጥ ነክሮ አወጣና እርጥቡን በጣቱ ለካ። "አርባ እንስራ" አለ። ምንም አይደለም፤ የጣቢያው የውኃ ማጠራቀሚያ ከጎናችን በድንጋይ እግሮቹ ላይ ቆሟል። የቆዳውን ቱቦ ወደ ጋናችን አዙሮ ሰንሰለቱን ሳበ። ማጠራቀሚያው እንደ ሽማግሌ ሳለ። ትንሽ ዝገትና አንድ እፍኝ ጭቃ ተፋ፤ ከዚያ ዝም አለ።

የጣቢያው ሹም እየሮጠ መጣ፤ እጁ ላይ የተጨማደደ ቴሌግራም ይዟል። ሳልጠይቀው አነበበልኝ። "'የምድር ባቡር ውኃ የሕዝብ ውኃ ነው። ቧንቧው ለመንደሩ ይከፈት።' ከሥሩ የክቡርነታቸው ስም አለ። የተሾሙ ዕለት የላኩት ነው።"

"አንተስ ዝም ብለህ ከፈትክ?"

"ምን ላድርግ? ጠየቅኩ እንጂ። ማጠራቀሚያው አንዴ ካለቀ በዚህ በጋ እስኪሞላ ስምንት ቀን ይፈጃል፣ ባቡሩስ ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊያቸው 'ቃላችን አይታጠፍም' ብለው መለሱልኝ።" ላቡን ጠረገ። "የላይኛው ጣቢያ ሹም ብልጥ ነው፤ ቴሌግራሙን ኪሱ ከትቶ ቧንቧውን ቆለፈ። እኔ ሞኙ ትናንት ከፈትኩ።"

ያኔ ነው ሴቶቹን ልብ ያልኳቸው። ከጣቢያው አጥር ወዲያ ተሰልፈው ቆመዋል፤ በየደጁ እንስራ፣ በርሜል፣ ጣሳ ሳይቀር ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ተከድኗል። ክቡርነታቸው ሰገነታቸው ላይ ብቅ ሲሉ ጭብጨባው ቀለጠ። እውነተኛ ጭብጨባ ነበር። እነዚህ ሴቶች አምስት ወር ሙሉ ከወንዝ ሲቀዱ ከርመው ከደጃቸው ውኃ ያገኙት በሳቸው ነው። ክቡርነታቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ያም እውነተኛ ነበር መሰለኝ። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

ቆቤን አውልቄ ከሰገነቱ ሥር ቆምኩ። "ክቡርነትዎ፣ ውኃ የለም።"

"እንዴት የለም?"

"ሰጥተውታል።"

"ለሕዝቡ የሰጠሁትን አውቃለሁ። ለባቡሩ የሚሆነውን ነው የምልህ።"

"አንድ ውኃ ነው ክቡርነትዎ። ሌላ አልነበረም።"

ክቡርነታቸው ወደ ጸሐፊያቸው ዞሩ። "ይህን ያሰበ ሰው የለም?" ጸሐፊው ጫማውን አየ። "በሉ ይመልሱ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጸሐፊው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ "ካጨበጨቡ በኋላ?" ሲል ሰማሁት። ክቡርነታቸው ጥቂት አሰቡ፤ ፊታቸው በራ፤ እኔ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

"ወገኖቼ" አሉ ወደ ሰው ዞረው፣ "ዛሬ ለባቡሩ ውኃ ብታውሱት፣ በስድስት ወር ውስጥ ከወንዙ እስከዚህ ድረስ ቧንቧ አዘረጋላችኋለሁ።"

ከሴቶቹ መካከል ሃምሳ ዓመት የሚሆናት አንዲት ሴት ወደ ፊት ወጣች። ወገቧን በገመድ አጥብቃ አስራለች። የወረፋ እናት ይሏታል፤ ውኃ ሲቀዳ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም የምትወስነው እሷ ነች፤ የሷን ወረፋ የሚያፈርስ የለም።

"ወንዙ የስንት ሰዓት መንገድ ነው ክቡርነትዎ?" አለች።

ክቡርነታቸው ጸሐፊያቸውን አዩ። ጸሐፊው ደብተሩን ገለጠ፤ እዚያ ውስጥ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ።

"አራት ሰዓት ነው" አለች። "መመለሻው ሳይቆጠር። ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅኩት።" ክቡርነታቸው ንግግራቸውን ለመቀጠል አፋቸውን ሲከፍቱ ትታቸው ወደ እኔ መጣች።

"አንተ ነጂው፣ ለማን ነው የቸኮልከው? ለሳቸው?"

"ለወንድሜ" አልኳት። ሌላ የማቀርበው ምክንያት አልነበረኝም።

ፉርጎው ላይ ወጣች። ከወንድሜ እግር ላይ ጨርቁን ገልጣ አየች፤ መልሳ ሸፈነች። ወንድሜ "እትዬ፣ እንዲህ ያፈጠጥሽበት ልትወስጂው ነው?" አላት። ግንባሩን ዳሰሰችውና ወረደች።

"ስንት እንስራ ይበቃሃል?"

"ባቡሩን በሙሉ ለመሳብ ሁለት መቶ ስልሳ።"

"ይህን ያህል ብሰጥህ ልጆቹ ምን ይጠጣሉ? አይሆንም። እሱን ብቻ ለማድረስስ?"

በምድር ባቡር ደንብ አንድ ነገር አለ። ባቡሩ ከብዶ ዳገቱን አልወጣ ካለ ከሁለት ይከፈላል፤ የፊቱን ግማሽ ወስዶ አድርሶ ለኋላው መመለስ ነው። የሚወስነው ነጂው ነው፤ ማንም አይጠየቅም። ከፊት ያሉት ሦስቱ የሰው ፉርጎዎች ናቸው። ከኋላ ሁለት የዕቃ ፉርጎና የክቡርነታቸው ፉርጎ ነው። ይህን ነገርኳት። "ለግማሹ መቶ ሰማንያ ይበቃል። አርባ አለኝ፤ መቶ አርባ ብታበድሩኝ።"

"መቼ ትመልሳለህ?"

"ነገ ጠዋት" አልኳት። "ፀሐይ ሳትበረታ። መቶ አርባውንም።"

አባ ከሰል ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። የከሰሉ ብናኝ መስሎኝ አልዞርኩም።

የወረፋ እናት ሴቶቹን አየች፤ ሴቶቹ እሷን አዩ። ከዚያ በአገጯ ወደ ሰገነቱ ጠቆመች። "እኚህ ሰው ይቆያሉ።"

ክቡርነታቸው ሻንጣቸውን ወደ ፊት ፉርጎ ማስጫን ጀምረው ነበር። "ምን አለች?" አሉ።

"ውኃችን እስኪመለስ እንግዳችን ነዎት" አለቻቸው ራሷ። "እርስዎ ከቀሩ ነው ውኃው የሚሄደው። እዚህ ያለውን ነገር ደግሞ በደንብ ያዩታል።"

"እኔን? መያዣ?" ፊታቸው ደም መሰለ። እኔን አዩ፤ እኔ ሐዲዱን አየሁ። ሕዝቡን አዩ፤ ከሩብ ሰዓት በፊት ያጨበጨበው ሕዝብ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጸሐፊያቸው "በሕዝብዎ መካከል ማደር... በጋዜጣ ጥሩ ነው" ብሎ አንሾካሾከ። ሻንጣው ወረደ።

መቶ አርባውን ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሴቶቹ ከአጥሩ እስከ ሞተሩ ተሰልፈው እንስራ ለእንስራ ተቀባበሉ፤ የወረፋ እናት ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ አባ ከሰል ከላይ ሆኖ ይገለብጣል። አንዲት አሮጊት ባዶ እንስራቸውን ሲቀበሉ ውስጡን አይተው ቀሪዋን ጠብታ በመዳፋቸው አንጠፍጥፈው ፊታቸውን አበሱባት። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ውኃዋ ነገ ትመለሳለች ብዬ በልቤ ደጋገምኩ።

አሥር ሰዓት ከሩብ ሲል ደረስን። አራት ሆነን ወንድሜን በቃሬዛ ተሸክመን ሮጥን። ሐኪሙ መስኮቱን አየ፣ እግሩን አየ፣ እንደገና መስኮቱን አየና እጅጌውን ሰበሰበ።

"ጋሼ" አለ ወንድሜ የሚያስተኛውን መድኃኒት ከማስሸተታቸው በፊት። እንደዚያ ሲፈራ አይቼው አላውቅም። "ስነቃ ፊትህን ካላየሁ ተነስቼ እሄዳለሁ።"

"በየትኛው እግርህ?"

"ሙት፣ እውነቴን ነው። ሰው ብቻዬን እንዳያየኝ።"

"እኖራለሁ" አልኩት።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ሄደ፤ እሱ ተረፈ። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ "ሌላ የሚያስተኛ መድኃኒት ጨምሬለታለሁ፤ እስከ ነገ ቀትር አይነቃም" አለኝ። በልቤ አሰላሁት። ሲነጋጋ ብወርድ፣ ውኃውን ብመልስ፣ ቀትር ሳይሆን እደርሳለሁ። ደስ አለኝ። ደስ እያለኝም ወደ ጣቢያው ሄድኩ።

የጣቢያው ሹም፣ ያ ቴሌግራሙን ኪሱ የከተተው ብልጥ፣ ያልኩትን ሁሉ ሰምቶ "የውኃ ፉርጎ?" አለ። "አንድ ነው ያለን። መንኮራኩሩ ወልቆ ጋራዥ ገብቷል። ሰኞ ይወጣል።"

ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

"ቃል ገብቻለሁ እኮ" አልኩት።

"ለማን?"

"ለሴቶቹ።"

"በማን ፉርጎ?"

 አላሾፈብኝም፤ የምር ነው የጠየቀኝ። ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭበት የዋልኩት ነገር ከእኔው አፍ ወጥቶ ኖሯል። አባ ከሰልን "ለምን አልነገርከኝም?" ብዬ ብጮህበት "ቃል ስትገባ ከኋላህ ሳልኩልህ እኮ" አለኝ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሹሙ ከራሱ ማጠራቀሚያ መቶ ሰማንያ እንስራ ፈቀደልኝ፤ ከዚያ በላይ ቢሰጠኝ የቅዳሜው ባቡር አይነሳም።

ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ሞተሩን ብቻ ይዘን ወረድን። ቁልቁለት ብዙ ውኃ አይበላም፤ ሃያ በቃን። መቶ ስልሳ ይዘን ደረስን። ያለ ፉርጎ ባዶውን ለመመለስ ስልሳ ያስፈልጋል። መቶውን ልሰጥ እችላለሁ። አርባ ይጎድላል።

ሴቶቹ ገና ሳንደርስ ወረፋ ይዘዋል። ክቡርነታቸው ሰገነታቸው ላይ ናቸው፤ ጺማቸው አልተላጨም፤ አጠገባቸው ለፊት መታጠቢያ የተሰጠቻቸው አንድ ጣሳ ውኃ አለች፤ አልነኳትም። "በመጨረሻ" አሉ ሲያዩኝ። ሰላምታ ሰጥቼ አለፍኳቸው።

የወረፋ እናት መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሃያ፣ ሰማንያ። መቶ ስትል አባ ከሰል ዘንጉን ነክሮ አወጣና አየኝ። ቱቦውን ዘጋሁ።

"አርባ ይቀራል" አለች።

"አውቃለሁ። የውኃ ፉርጎው ተበላሽቷል። ሰኞ አመጣዋለሁ።" ስናገር ድምፄ የማንን ድምፅ እንደሚመስል ሰማሁት። የባሰ ተናደድኩ። "የቀረችው ስልሳ ወደ ላይ መመለሻዬ ናት። ወንድሜ ቀትር ላይ ይነቃል። እሆናለሁ ብዬዋለሁ።"

"ተረፈ?"

"ተረፈ። እግሩ ሄደ።"

"ማን አለ ከጎኑ?"

"ማንም።"

 ከዚያ ከጎኗ ያለውን የራሷን እንስራ አንስታ ከሰልፉ አወጣችው። "የኔን ትቼልሃለሁ" አለች። "የነሱን መተው ግን አልችልም። የኔ አይደለም።"

ሰልፉን አየሁ። ማንም ንቅንቅ አላለም። አንዷ ሕፃን አዝላለች፤ አንዷ ዓይኗን ከቱቦው ላይ አልነቀለችም። የትናንቷ አሮጊት ከመጨረሻው ናቸው፤ እንስራቸውን አቅፈው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። አንተ እንኳ አስበህ የምትናገር ሰው ትመስል ነበር ብሎ የተናገረኝ የለም፤ ግን እያንዳንዷ ፊት ላይ አየሁት።

ቱቦውን መልሼ ከፈትኩት።

አባ ከሰል  መንጠቆውን አነሳና እሳቱን ከምድጃው ወደ ሐዲዱ ይጎትት ጀመር፤ ለዳገት የማይበቃ ውኃ ይዞ ማንደድ ማፍያውን ማፈንዳት ነው። ፍሙ ድንጋዩ ላይ እየተበተነ ጨሰ። መቶ ሠላሳ ዘጠነኛዋ እንስራ ስትሞላ የወረፋ እናት ቆጠራዋን ጨርሳ የራሷን ባዶ እንስራ ይዛ ሄደች። እንፋሎቱ እያፏጨ ወጥቶ አለቀ፤ ሞተሩ ቀዘቀዘ።

ሄጄ የክቡርነታቸው ፉርጎ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ጥላ ያለው ቦታ አልነበረም። ከበላዬ ጫማቸው ሲንቋቋ ሰማሁ።

"አሁን መቼ ነው የምንነሳው?"

"አላውቅም ክቡርነትዎ።"

"ሰኞ ፉርጎው ይመጣል አልተባለም?"

"ተብሏል።"

 ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደርሳለች። ወንድሜ ይሄኔ ዓይኑን ገልጦ በር በሩን እያየ ነው።